ከዱባይ እስከ ዴልሂ ከታማሚ ጋር፦ «ሦስት ሰዓት» የተባለው መንገድ በእውነቱ ስንት ሰዓት ነው?

በዱባይና በዴልሂ መካከል ያለው የአየር ርቀት ወደ 2,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከአዲስ አበባ ዱባይ ለመድረስ ከምንበርረው 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ እንኳ ያንሳል። ትኬት ሻጩን ብትጠይቁትም ኢንተርኔት ብትከፍቱም «ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ለጤነኛ መንገደኛ ይህ መልስ በቂ ነው። ታላቅ እህቴን ለማህፀን እጢ ቀዶ ሕክምና ከዱባይ ወደ ዴልሂ ወስጄ ስመልሳት ግን፣ ካደከሙን ነገሮች አብዛኞቹ ከዚያ ቁጥር ውጭ የነበሩ ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ለሕክምና ሕንድን የሚመርጡ ብዙ ስለሆኑ፣ ያየሁትን በቅደም ተከተል ለማስፈር ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ችግር የገጠመን ገና ትኬቱን ስናነብ ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ደግሞ በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ሲሆን፣ ሕንድ ከዱባይ በአንድ ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ስለዚህ በፈረንጅ ሰዓት ከዱባይ 21፡55 ተነስቶ ዴልሂ 02፡35 ይደርሳል የተባለ አውሮፕላን አራት ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚበርር ይመስላል፤ እውነተኛው የጉዞ ጊዜ ግን ሦስት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። በመልሱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከዴልሂ 10፡30 ተነስቶ ዱባይ 12፡45 የሚያርፈው በረራ ሲያዩት ሁለት ሰዓት ከሩብ ይመስላል፣ ሲበሩት ግን ሦስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። ታማሚዋ ስንት ሰዓት መቀመጥ እንዳለባት ለሐኪሟ የምትነግሩት እናንተ ናችሁና፣ ሁለቱን ሰዓቶች ዝም ብላችሁ አትቀናንሱ። ወደ ዴልሂ ስትሄዱ ከልዩነቱ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቀንሱ፤ ወደ ዱባይ ስትመለሱ ደግሞ ጨምሩ።

ከሰዓቱ ይልቅ እኛ ኢትዮጵያውያንን የሚያሳስተን ቀኑ ነው። የእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ የትኬቱ ቀን ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ዴልሂ የሚማር አንድ የአገራችን ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ መጥቶ ሊቀበለንና ወደ ማረፊያችን ሊያደርሰን ቃል ገብቶልን ነበር። «ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ35 እንደርሳለን» ብዬ ላክሁለት። ትኬቱ ላይ ያለው በትክክል ይኸው ነው፤ እሱ የተረዳው ግን ቅዳሜ ውሎ የሚመጣውን ሌሊት ነው፤ በአማርኛ እንደዚያ መረዳቱም ትክክል ነው። እኛ ስንደርስ እሱ በእንቅልፍ ላይ ነበር። ለሚቀበላችሁ ሰው «ዓርብ ማታ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ» ብላችሁ ጻፉለት፤ የትኬቱን ፎቶ ጭምር ላኩለት። የሆቴል ክፍል ስትይዙም እንደዚሁ ነው። ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት ለምትደርሱ ሰዎች ክፍሉ ከዓርብ ጀምሮ መያዝ አለበት፤ ከቅዳሜ ካስያዛችሁት ታማሚዋን ይዛችሁ እስከ ቀትር እንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ልትቀመጡ ትችላላችሁ።

ስለ ቪዛና ስለ ክትባት በአጭሩ ልለፍ። ሕንድ ለታካሚ የሕክምና ቪዛ፣ ለአስታማሚ ደግሞ የተለየ የአስታማሚ ቪዛ ትሰጣለች፤ በቱሪስት ቪዛ ሄዶ ሆስፒታል መተኛት ጣጣ ያመጣል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጠየቀው ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ስድስት ቀናት ውስጥ ኢትዮጵያን በመሳሰሉ በሽታው አለባቸው በሚባሉ አገሮች ከነበራችሁ ነው። እናንተ ዱባይ ስለምትኖሩ ላይመለከታችሁ ይችላል፤ ልታስታምም ከአዲስ አበባ የመጣችና ዱባይ ሁለት ቀን ብቻ ያደረች እናት ወይም እህት ካለች ግን በእርግጥ ይመለከታታል። ክትባቱ መሥራት የሚጀምረው ከተወጉት ከአሥር ቀን በኋላ በመሆኑ በመጨረሻው ሰዓት ተሯሩጦ መወጋት አያድንም።

የሄድነው በጥር 2017 ዓ.ም. ነበር። በትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ ከመነሻው በር ተነቅሎ በመድረሻው በር እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው፤ በመንደርደሪያው ላይ ተራ መጠበቅንም ይጨምራል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት የርቀት ማስያዎች ግን ብዙዎቹ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን አጭሩን መስመር ወስደው በአንድ አማካይ ፍጥነት ያካፍሉታል። 2,200ን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ብታካፍሉት ሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል፤ የዚህ ዓይነት ቁጥር ካያችሁ በእሱ ላይ ቀጠሮ አትያዙ። ማስያው ነፋስንም አያውቅም። በክረምታቸው፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በሰሜን ሕንድ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ አለ፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ወደ ዴልሂ ሲኬድ ከኋላ ይገፋል፣ ወደ ዱባይ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። የሄድንበት በረራ ከመልሱ ያጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነፋሱ ያተረፈልንን ጊዜ ግን ጭጋጉ ከነወለዱ ወሰደው። ዴልሂ በታኅሣሥና በጥር ከእኩለ ሌሊት እስከ ረፋድ ድረስ አንዳንድ ጊዜ የመንገዱ ማዶ እስከማይታይ በጭጋግ ትሸፈናለች። በመቀመጫው ፊት ባለው ትንሽ ስክሪን ላይ «ለመድረስ የቀረው ጊዜ» የሚለውን እየተከታተልኩ ነበር። 19 ደቂቃ ሲል ቆመ፤ ከዚያ 24፣ ከዚያ 31 ሆነ። የአውሮፕላኑ ምልክት በካርታው ላይ በዴልሂ ዙሪያ ደጋግሞ ቀለበት ሠራ፤ በመጨረሻም ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ አዞረ፤ የመድረሻው ስምም ጃይፑር የምትባል ሌላ የሕንድ ከተማ ሆነ። አብራሪው በዴልሂ ማረፍ ስላልተቻለ ነዳጅ ሞልተን እንደምንጠብቅ ተናገረ። ከአውሮፕላኑ መውረድ አልተፈቀደም፤ በዴልሂ ጭጋግ ምክንያት ወደ ጃይፑር የዞሩ ሌሎች አውሮፕላኖችም ከጎናችን ተሰልፈው ቆመዋል።

እህቴ ያን ጊዜ ብዙ ደም ይፈስሳት ስለነበር ደም አንሷታል፤ ሕመሙም ከሦስት ሰዓት በላይ እንድትቀመጥ አያስችላትም። የሕመም ማስታገሻዋን በእጅ ቦርሳ ይዣለሁ፤ ቅያሪ ልብሷና አብዛኛው የንጽሕና መጠበቂያዋ ግን በተጫነው ሻንጣ ውስጥ ነበር። አንዲት አስተናጋጅ ሁኔታውን አይታ ከኋላ በኩል ሦስት ባዶ ወንበሮች ላይ አጋደመቻት፤ ብርድ ልብስም ደረበችላት። አስተናጋጇ ይህን ያደረገችው እህቴ ከቀዶ ሕክምና በፊት ያለች ታማሚ መሆኗን ገና ስንሳፈር ስለነገርናት ነው። እህቴ «ምን ያስወራል፣ ሰው ይሰማል» ብላ አልፈለገችም ነበር። እባካችሁ ንገሯቸው። መድኃኒት፣ ቅያሪ ልብስና የንጽሕና መጠበቂያ ደግሞ ትኬቱ ለሚለው ሰዓት ሳይሆን ቢያንስ ለሙሉ ቀን የሚበቃ በእጅ ይያዝ።

ዴልሂ የገባነው ከነጋ በኋላ ነው። የሐኪሙ ቀጠሮ ለዚያው ጠዋት ተይዞ ስለነበር አለፈን፤ ቀጠሮ ሲያልፍ ደግሞ የደም ምርመራው፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ ምዘና፣ የቀዶ ሕክምናው ተራ ሁሉም ተያይዘው ይገፋሉ። በበረራና በቀጠሮ መካከል አንድ ሙሉ ቀን ተዉ። በታኅሣሥና በጥር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ቢወደድም እኩለ ቀን ላይ የሚያርፍ በረራ ምረጡ፤ ጭጋጉ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ተገፍፎ ይቆያል። የሌሊቱ ትኬት የሚረክስበት ምክንያት አለው።

ለጉዞ እቅድ የሚጠቅመው ስሌት ከቤት ደጃፍ እስከ አልጋ ያለው ነው ብዬ ያመንኩት ያን ጠዋት ነው። ዱባይ ከቤት እስከ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሰዓት ያዙ፤ ዊልቸር የሚጠብቅ ሰው ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለበት፤ በረራው ሦስት ሰዓት ከ10፤ በዴልሂ የፓስፖርት ሰልፍና ሻንጣ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ከዚያ ብዙ ሆስፒታሎች ወዳሉበት ወደ ጉርጋኦን ወይም ወደ ደቡብ ዴልሂ ሃምሳ ደቂቃ ያህል። ምንም ሳይበላሽ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ታማሚ ልትቋቋም ይገባታል ብላችሁ ከሐኪም ጋር የምትነጋገሩበት ቁጥር ይህ ነው።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም። የሚቀጥለው ከባድ ጥያቄ መቼ መብረር ትችላለች የሚለው ሆነ። እኔ «ሦስት ሰዓት ብቻ እኮ ነው» የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ ሐኪሟ ግን የበረራው ርዝመት ሁለተኛ ጉዳይ እንደሆነ አስረዳን። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለል ግፊት አይደለም፤ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ይህ ለእኛ ለጤነኞቹ ምንም አይደለም። ለዓመታት በባሕር ዳርቻ ከተማ ለኖረችና ደሟ ላነሰ ሴት ግን ከአልጋዋ ተነስታ በአንድ ጊዜ አዲስ አበባ እንደመግባት ነው። በዚያ ላይ በሆድ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር በዚያ ግፊት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይሰፋል፤ ሆዷ ተከፍቶ የተሰፋ ሰው ቁስሉ ሳይጠነክር የማይበርረው ስለዚህ ነው። በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ቶሎ ያስበርራል፤ ሆድ ከፍቶ የሚሠራው ብዙ ያስጠብቃል። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ በዴሲ ሊትር ከ7.5 ግራም በታች ሲሆን ደግሞ ልዩ ምዘና ያስፈልጋል። የመመለሻ ትኬት ከመሄዳችሁ በፊት የምትገዙ ከሆነ፣ ቀኑ የሚቀየር ዓይነት ይሁን።

አየር መንገዶች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚጓዝ ሰው ለመብረር ብቁ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሐኪሙ የሚሞላው የራሳቸው ቅጽ አላቸው፤ ብዙ ጊዜም ከበረራው 48 ሰዓት ቀድሞ መላክ አለበት። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ የቀዶ ሕክምናውን ቀንና ዓይነት፣ የሄሞግሎቢን መጠኗንና የበረራውን ቀን ይዞ ማኅተም ይረፍበት። ዊልቸርም እንዲሁ ቀድሞ ይጠየቃል፤ ክፍያ የለውም። ሲጠይቋችሁ ደረጃ መውጣት ትችል እንደሆነና እስከ መቀመጫዋ መራመድ ትችል እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩ። አውሮፕላኑ ከሕንፃው ርቆ ቆሞ በአውቶቡስ የሚኬድ ከሆነ፣ «ትራመዳለች» የተባለች ታማሚ ከነስፌቷ ያን ቀጥ ያለ ደረጃ እንድትወጣ ትጠበቃለች።

ከሁሉም በላይ እንዳይረሳ የምፈልገው የመድኃኒቱን ጉዳይ ነው። ስትወጣ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የተሰጣትን ከረጢት ይዘን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ባለቤታቸውን ለማስታመም ከሻርጃ የመጡ አንዲት የአገራችን እናት አጠገባችን ነበሩ። «ልጄ፣ እስቲ ያን መድኃኒት አሳየኝ» አሉኝ። ፓኬቶቹን አንድ በአንድ አገላብጠው ትራማዶል የሚለውን የሕመም ማስታገሻ ለብቻው አወጡት። «ይሄን ይዘህ ዱባይ አትገባም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ትራማዶልም ሆነ ኮዴይን ያለበት መድኃኒት በኤምሬቶች ቁጥጥር የሚደረግበት ነው፤ ይዞ ለመግባት ከአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት አስቀድሞ በኢንተርኔት ፈቃድ መውሰድና የሐኪም ማዘዣ መያዝ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው ሊታሰር ይችላል፤ «ሐኪም አዝዞልኝ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። ተመልሰን ሐኪሟ ዘንድ ስንሄድ ሌላ ማስታገሻ ቀየረላት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ዱባይ እንደምትመለሱ ለሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

በመመለሻው ቀን ማወቅ የሚገባችሁ ሌላው ነገር፣ በዴልሂ ዓለም አቀፍ ተርሚናል በር ላይ ጥበቃዎች ትኬትና ፓስፖርት አይተው የሚያስገቡት አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛን ብቻ መሆኑ ነው። የሚሸኛችሁ ሰው ሻንጣ ሊያግዛችሁ ወደ ውስጥ ይገባል ብላችሁ አትቁጠሩ። ስለዚህ አንድ አስታማሚ ብቻ ከሆናችሁ ዊልቸሩ በሩ ድረስ እንዲመጣ አድርጉ። ዱባይ ስትደርሱም ተርሚናላችሁን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ርካሽ በረራዎች የሚያርፉበት ተርሚናል 2 ከተርሚናል 1 እና 3 በመንደርደሪያው ማዶ ነው፤ ጠባቂያችሁ በተሳሳተው ቦታ ከቆመ እናንተ ዘንድ ለመድረስ በመኪና መዞር አለበት።

ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው እግሩ ላይ ደም የመርጋት አደጋው ለሳምንታት ከፍ ብሎ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ ለማንም ቢሆን አደጋውን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። የመልሱ በረራ ሦስት ሰዓት ከ45 ነውና «ከአራት በታች ነው» ብሎ መጽናናት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ታክሲው፣ ዊልቸሩ፣ የመጠበቂያው ወንበር፣ አውሮፕላኑ፣ ደግሞ ታክሲ፣ ሁሉም መቀመጥ ነው። ሐኪሟ እግርን አጥብቆ የሚይዝ ካልሲና የመርጋት መከላከያ መርፌ አዘዘላት፤ በመተላለፊያው በኩል መቀመጫ ያዝን፤ በየአርባ አምስት ደቂቃው እየተነሳች እስከ መጸዳጃው ድረስ ተራመደች። መርፌ የምትይዙ ከሆነ ማዘዣውን ከመርፌው ጋር በአንድ ከረጢት አድርጉ፤ ፍተሻ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

እህቴ ለክትትል የተመለሰችው በግንቦት 2017 ነው፤ በዚህ መካከል መንገዱ ራሱ ተለውጦ ጠበቀን። ፓኪስታን ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የአየር ክልሏን ለሕንድ አየር መንገዶች ዘግታ ነበር፤ በየካቲት 2011ም ተዘግቶ እስከ ሐምሌ ቆይቶ ያውቃል። በዱባይና በዴልሂ መካከል ያለው አጭሩ መስመር በደቡብ ፓኪስታን ላይ ስለሚያልፍ፣ የሕንድ አየር መንገዶች በራጃስታንና በጉጃራት አድርገው በዓረብ ባሕር ላይ መዞር ግድ ሆነባቸው። ርቀቱ በማስያው ላይ እንደ ድሮው 2,200 ነው፤ ያየነው ትኬት ግን በግማሽ ሰዓት ያህል ረዝሞ፣ የመልሱ በረራ አራት ሰዓትን አልፏል። እገዳው የሕንድ አየር መንገዶችን እንጂ የኤምሬቶቹን ስለማይመለከት፣ እነሱ በቀድሞው መስመር መብረር ይችሉ ነበር። ስለዚህ የሁለቱን ወገን ትኬቶች ጎን ለጎን አድርገን፣ አንድ ሰዓት ተኩሉን እየቀነስንና እየጨመርን እውነተኛውን የበረራ ጊዜ አወጣን፤ በዋጋ ትንሽ ከፍ ያለውን፣ በጊዜ አጭሩን፣ በቀን ብርሃን የሚያርፈውን ያዝን። ቁስሏ ስለዳነ ዊልቸር አላስፈለጋትም፤ ካልሲውን ግን አድርጋ ሄደች።